የግራው ጋሻ

መኪና የሚያደንቅ ሰው የሚያደንቀው ላዩን ነው። ቀለሙን ያያል፣ አፍንጫውን ያያል፣ ያፏጫል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእሽቅድድም መኪና ሲሆንማ ጭብጨባው ይብሳል። በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ ሲጮኽ ከሚውለው ሕዝብ መካከል «ከሥሯ ምን አለ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም። እኔ ግን የእናቴን መኪና የማውቃት ከሆዷ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስለዚያች መኪና ሆድ የማላውቀው ነገር የለም ብዬ አምን ነበር።

እናቴ የዳገት ውድድር ነጂ ነበረች። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከተራራው ግርጌ እስከ አናቱ ይጠማዘዛል። መኪኖቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፣ ሰዓት ይያዝባቸዋል፣ ፈጥኖ አናት የደረሰ ያሸንፋል። ሰፈሩ «ሽው» ብሎ ይጠራታል፤ ገና አየናት ሲሉ የለችም ማለታቸው ነው። አባቴ መካኒኳ ነበር። ጋራዡና ወጥ ቤታችን አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ፣ እሱ ወዲያ መዶሻ ባነሳ ቁጥር ወዲህ ብርጭቆው ይንጫጫል።

ሌላው መካኒክ በሞተር ይመካል። የአባቴ ኩራት ግን ጋሻው ነበር። ጋሻ የምንለው ከመኪናዋ ሆድ ሥር የሚታሰረውን ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ነው። ከፊት ጀምሮ ሞተሩን ይሸፍንና እስከ ነጂው እግር ሥር ይደርሳል። አባቴ የፊት ጫፉን ወደ ላይ ያጥፈዋል፤ ድንጋይ ሲመጣ እንዲንሸራተት እንጂ እንዳይነክስ። የብሎኖቹን ራስ በሰሌዳው ውስጥ ይቀብራል። «ራሱ ከወጣ መንገዱ ይላጨዋል፣ የተላጨ ብሎን ደግሞ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ ነው፣ መያዣ የለውም» ይላል። በጋሻውና በወለሉ መካከል ከድንጋይ መፍጫ ፋብሪካ የተጣለ የድንጋይ ማጓጓዣ ቀበቶ ጎማ ቆርጦ ያነጥፋል፤ ምቱ እንዳይዘልቅ። ከጋሻው ሥር ደግሞ በቀኝና በግራ ሁለት የጠጣር ፕላስቲክ ዘንጎች ያስራል። ማስበያ ይላቸዋል። መንገዱ እነሱን ይብላ፣ ብረቱን ይተው ብሎ ነው። ሲያልቁ ይቀየራሉ።

ከየውድድሩ በኋላ ጋሻውን ፈትቶ ያጥበዋል፣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ያጋድመዋል፣ የጠመኔ ዱቄት ያሸዋል። ያን ጊዜ ጭረቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በርከክ ብሎ ያነብበዋል። ማንበብ ያልኩት ለማሳመር አይደለም፤ ሰውየው እንደ ደብዳቤ ነው የሚያነብበው። ቀጥ ያለው ጭረት ፍጥነት ነው። የጎበጠው መንሸራተት ነው። ጎድጓዳው ከዘለለች በኋላ ያረፈችበት ነው። እናቴ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ከኋላው ትቆማለች።

«እሺ ዳኛው፣ ምን አጠፋሁ?»

«አራተኛው መታጠፊያ ላይ ዘልለሻል።»

«እኔ አልዘለልኩም። መንገዱ ነው ወደ ታች የሄደው።»

«ስድስተኛው ላይ ፍሬን ረስተሻል።»

«አልረሳሁም፣ ናቅሁት።»

እሱ ይስቃል፣ እሷ በጉልበቷ ጀርባውን ትነካዋለች፣ እኔ በጋሻው ዙሪያ እዞራለሁ። ሁለቱን ሲሳሳቁ ያየኋቸው በዚያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በዚያ ዓመት ሁለተኛው ውድድር ካለፈ በኋላ ጋሻው ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ሳለ እኔ ቀድሜ አየሁት። በቀኝ በኩል ጥቂት ጭረት ብቻ አለ። የግራው ጎን ግን ዝናብ የዘነበበት ይመስላል።

«አባ፣ ግራው ይበልጣል» አልኩ።

አባቴ በመለኪያው የማስበያዎቹን ውፍረት ለካ። የቀኙ አንድ ሚሊሜትር ተበልቷል። የግራው አራት። ደግሞ ለካው፤ ያው አራት ነው።

«መንገዱ ነው» አለኝ።

ቀና ስል እናቴ ከኋላው የለችም። ምን አጠፋሁ ሳትል ሻይዋን ይዛ ገብታለች።

አንባቢን ማንጠልጠል አልወድም፤ ዛሬ የማውቀውን እዚሁ ልናገር። የእናቴ ግራ ዓይን እየጠፋ ነበር። ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያለ ይዘጋ ነበር። የግራውን የመንገድ ጠርዝ ስለማታየው ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር ጎማዋ ጠርዙን አልፎ ድንጋዩ ላይ ይወጣል። እሷ ታውቃለች፤ ከሰው ደብቃዋለች። አባቴ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ከጋሻው ላይ አነበበው። በሕክምና መሣሪያ የሚታየውን በሽታ ሰውየው በጠመኔ አገኘው። አገኘውና ዋጠው። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተረተው ሰው በእኛ ቤት አንድ ሳምንት ቢያድር ኖሮ አፉን በያዘ ነበር። ይነቅዛል። ዱቄት እስኪሆን ይነቅዛል።

በቤት ውስጥ ምልክቱ ሞልቶ ነበር። እናቴ የተከፈተ የቁም ሣጥን በር በትከሻዋ ትገጫለች። ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው በግራ በኩል ታፈስሳለች። እኔ ልታስቀኝ ብላ መስሎኝ እንከተከት ነበር፤ እሷም አብራኝ ትስቅ ነበር። ስንቀመጥ ሁልጊዜ በቀኟ እንድሆን ታደርገኛለች። በግራዋ ከሆንኩ ጎትታ ታዞረኛለች። አብልጣ ስለምትወደኝ መሰለኝ።

ዋናው ውድድር ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው እናቴ የመነሻ ቁጥሯን ልታወጣ ሄደች። እኔ መካኒኮች ተኝተው መኪና ሥር በሚገቡበት ባለ ጎማ ጣውላ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ጣራውን እያየሁ ነበር። አባቴ ከቶርኖ ሠራተኛው ጋር ገባ። ይህ ሰው የአባቴ ብቸኛ ጓደኛ ነው፤ ዝም ማለት ስለማይችል «ለፍላፊው» ነው የምንለው። እኔ መኖሬን አላዩም።

«ንገራት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» አለ ለፍላፊው።

«ምን ብዬ?»

«አፍ የለህም? ለኔ የነገርከኝን ለሷ ንገራት።»

«ከዚህች መኪና ካወረድኳት ምን ይተርፋታል?»

«ነፍሷ ይተርፋታላ!»

ላሜራ ሲጎተት ሰማሁ፤ ከዚያ ሚዛኑ ተንቋቋ።

«አሥራ አንድ ኪሎ» አለ ለፍላፊው። «በአንድ ጎን አሥራ አንድ ኪሎ ብረት! ያዘገያታል እኮ፣ አንተ።»

«ትዘግይ።»

«ብታውቅ በመዶሻ ነው የምትልህ።»

«አታውቅም። ከጋሻው በላይ ነው የማስገባው። ከታች አይታይም።»

ከዚያ የመቁረጫው ድምፅ ንግግራቸውን ዋጠው።

እኔ ምን ተረዳሁ? ልጅ ደግሞ ያልተረዳው ነገር የለም። አባቴ እናቴን ሊያሸንፋት ፈልጓል። ከሁለት ሳምንት በፊት በመነሻው ሜዳ አንድ ሰውዬ አባቴን «የሽው ባል እኮ ነው!» ብሎ ለጓደኞቹ ሲያሳይና ሲስቁ ሰምቻለሁ፤ የአባቴ ጆሮ ሲቀላም አይቻለሁ። በቃ፣ ቀንቷል። እናቴ ለክብደት ስትል የጎን ወንበሩን ነቅላ የጣለች፣ የበሩን ልባስ የገፈፈች፣ ከውድድር በፊት «ፀጉርም ይመዝናል» ብላ ፀጉሯን የምትቆረጥ ሴት ናት። እሱ ደግሞ በስውር አሥራ አንድ ኪሎ ብረት ይጭንባታል። «ለሷ ንገራት» የተባለውንም ተረጎምኩት፤ ጥሎን ሊሄድ ነው።

ዛሬ «ትዘግይ» የሚለውን ቃል ሳስበው በድምፁ ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረበትም። ልመና ነበር።

ማታ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የውድድር ቱታዋን ዚፕ ሻማ ስትቀባ አገኘኋት።

«እማ፣ አባ ብረት ጨመረብሽ።»

«የት ላይ?»

«ጋሻው ላይ። ከውስጥ። ግራው ላይ፣ ከእግርሽ ሥር።»

እጇ ቆመ። «ግራው ላይ ብቻ?»

«ብቻ። አሥራ አንድ ኪሎ። ልትዘገዪለት ፈልጎ ነው።»

ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ «ቆይ አሳየዋለሁ» የሚል መሰለኝ። ወደ ቀኟ ሳበችኝና አናቴን ሳመችው።

«ጎበዝ ልጄ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ደረቴ ተነፋ። የእናቴ ሰላይ ሆንኩ።

ግን ምንም አላደረገችም። በማግሥቱ እራት ላይ ዳቦ እየቆረሰች አባቴን ትክ ብላ አየችው።

«የምትነግረኝ ነገር የለም?»

«የፊት ጎማው ተቀይሯል» አለ።

በሁለተኛው ቀንም ጠየቀችው። «ሌላስ?»

«ዘይቱም።»

በሦስተኛው ቀን ምንም አልጠየቀችም። ሳህኗን አጥባ ደፋችና ክንዷን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆመች፤ እሱ እስኪበላ ጠበቀችው። እሱ በላ፣ አፉን ጠረገ፣ «ነገ በጊዜ ነው የምንነሳው» አለና ተኛ። እኔ በሆዴ «ጨዋታው እንዴት ይጣፍጣል!» እያልኩ ነበር።

የውድድሩ ቀን ሲነጋጋ ከጋራዡ የመፍቻ ድምፅ ሰምቼ ተነሳሁ። እናቴ መኪናዋ ሥር ገብታ ጋሻውን ፈትታለች። የብረቱን ላሜራ አውጥታ፣ አሉሚኒየሙን ብቻዋን መልሳ አሠረችው። ከዚያ ላሜራውን በጨርቅ ወለወለችና የአባቴ ጠረጴዛ መሃል ላይ፣ ዕቃውን ሁሉ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ አስቀመጠችው። ዓይን ያለው ሰው ሊስተው አይችልም። አየችኝና ጠቀሰችኝ።

ትንሽ ቆይቶ አባቴ ገባ። በሩ ላይ ሆኜ አየሁት። ላሜራው ጋ ሲደርስ ቆመ። የታመመ ልጅን ግንባር እንደሚዳስስ ሰው መዳፉን አሳረፈበት። ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ዞረ፤ እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ውሃ እየቀዳች ነበር፤ ባልዲው ሲሞላ ይሰማል። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ላሜራውን አንሥቶ ከሌሎቹ ላሜራዎች ጋር ግድግዳው ላይ አስደገፈውና ሞተሩን ሊያሞቅ ሄደ።

እኔ ጮቤ ረገጥኩ። እማ አሸነፈች! ተዋርዶ ምንም መናገር አቃተው!

ለመናገር አንድ ሙሉ ሰዓት ነበረው። ሰዓቱን ዛሬም አስልቼ ሳልጨርሰው ደሜ ይፈላል። የባልዲ ውሃ እስኪሞላ የሚበቃ ዓረፍተ ነገር ነው የጎደለው። ሰውን በዝምታ ይወዳል እየተባለ የሚወደስ ሰው ሲያጋጥመኝ ጠብ የሚያምረኝ በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋው የደረሰው ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። መታጠፊያው ወደ ግራ ነው። በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ከመሬት የወጣ ቋጥኝ አለ፤ ነጂዎቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ይሸሹታል። እናቴ ቀጥ ብላ ወጣችበት። ጋሻው ታጠፈ፣ ተቀደደ፤ ድንጋዩ ወለሉን ሰብሮ ከግራ እግሯ ሥር ገባ። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

የሆስፒታሉ መተላለፊያ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሐኪሟ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሠረች ወጣት ሴት፣ አባቴን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። እኔ አግዳሚው ላይ ነኝ።

«ይኼ እኮ የዛሬ ነገር አይደለም፤ የከረመ ነው» አለችው። «አብሯት የሚኖር ሰው እንዴት አያስተውልም?»

«አላስተዋልንም» አለ አባቴ።

ስለ ዓይን እንደሚያወሩ እኔ በምን ልወቅ? የገባኝ አባቴ መዋሸቱ ብቻ ነው። የከረመ ነገር አድርጓል፣ አሁን ይክዳል። በዘጠኝ ዓመቴ፣ በዚያ አግዳሚ ላይ፣ ፍርድ ሰጠሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አባ» ብዬው አላውቅም።

ሃያ ስድስት ዓመት። «እሱ» እለዋለሁ፤ ፊት ለፊት ሲሆን ምንም አልለውም። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ሌላ ከተማ ሄድኩ፣ ስደውል «እማን አቅርብልኝ» ነው የምለው። «ምን አድርጌሽ ነው?» ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። መኪናዋን ሸጠ። እናቴ በሰው ሠራሽ እግሯ እንዳትንሸራተት ከሥሩ ጎማ ይለጥፍላታል፤ ጎማው ሲያልቅ አውልቆ ውፍረቱን ይለካል፣ ይቀይራል። በየወሩ። ለዕረፍት ስመጣ አየው ነበርና «ጥፋተኛ ስለሆነ ነው» እል ነበር። የሁለቱ ዓይኖቿ ብርሃንም እየደከመ ሲሄድ እናቴ «ከአደጋው የመጣ ነው» አለችኝ፤ በእሱ ዕዳ ላይ ደመርኩት።

ባለፈው ክረምት ሞተ። በተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት እኔና እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነን። ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ የለም። እሷ ምስር ትለቅማለች፤ በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «ደግ ሰው፣ ክፉ የማይወጣው» እያለ ሲሄድ ጨጓራዬ ተቃጥሎ ነበርና አመለጠኝ።

«ክፉ ባይወጣውም ክፉ ሠርቷል። አንቺን ሊያዘገይ አሥራ አንድ ኪሎ ብረት የጫነ ሰው ነው።»

ጣቷ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ቀንቶብሽ። እኔው አይደለሁ የነገርኩሽ?»

«ቀንቶ?» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ መሃሉ ላይ ተሰበረ። «አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ እንደዚህ ነው የምታውቂው?»

ከዚያ ነገረችኝ። ከላይ «ዛሬ የማውቀውን» ያልኩትን ሁሉ ያወቅሁት በዚያ ከሰዓት ነው። ዓይኗን፣ ጭረቱን፣ ላሜራው ለግራ እግሯ መከታ እንደነበረ፣ ለምን በቀኟ ታስቀምጠኝ እንደነበር።

«‹ግራው ላይ ብቻ› ስትዪኝ ደስ አለኝ» አለች። «አወቀ! አልኩ። ብቻዬን ተሸክሜው ደክሞኝ ነበር። ቃል ከአፉ ይውጣ እንጂ እተወዋለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ‹አትሂጂ› ይበለኝ፣ ‹ዓይንሽን አውቃለሁ› ይበለኝ። ሦስት ቀን ጠበቅሁት። ጎማ ተቀየረ አለኝ።»

«ላሜራውንስ ለምን አወጣሽው?»

«እንዲያየው ነዋ። እንዲቆጣ። ሲያየው መጥቶ ይጮህብኛል ብዬ ውሃ ቀዳሁ። ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፣ አልመጣም። ያን ጊዜ ግድ የለውም አልኩና ሄድኩ።»

«አንቺስ? አንቺ ራስሽ ለምን አልነገርሽውም?» ድምፄ ከፍ አለ። የምቆጣበት ሰው ጠፍቶብኝ ነበር፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዷ ምስር ትለቅማለች፣ ሦስተኛዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

«እኔማ ፈሪ ነበርኩ» አለች። «ነጂ ስለሆንኩ አይታወቅብኝም ነበር።»

ምስሩን ገፋ አደረገችው። ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስነሳ አጠገቡ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ምን አለ?»

የዚያን ቀን እጄን ይዞኝ ነበር። ባንዲራው ወረደ፣ መኪናዋ ጠጠር ረጭታ ሄደች፣ ሰዉ ጮኸ። ድምፅዋ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀርባ እስኪጠፋ አባቴ አልተነፈሰም። ከጠፋ በኋላ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። የሚራገም መስሎኝ እጄን ነጠቅሁት። ግን ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ ሳልፈልግ ሃያ ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ለአንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ያን ማስታወስ ጭካኔ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ግን እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት ዝም ለማለት አይደለም።

«‹ቀኝሽን ያዢ› አለ» አልኳት። «ከሄድሽ በኋላ። ደጋግሞ። ቀኝሽን ያዢ፣ ቀኝሽን ያዢ፣ የኔ ሽው፣ ቀኝሽን ያዢ።»

እናቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ጮክ ብሎ?»

«አይደለም። በሹክሹክታ።»

ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አንቺ ጮክ ብለሽ በይልኝ» አለች።

አልኩላት። ከዚያ ጮክ ብዬ አልኩላት።

«ጨምሪ» አለችኝ።

ተነሥቼ ቆምኩና ጨመርኩ።